የአክሱም ስንዴና የሳራቶቭ እስር ቤት፦ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ጉዳይ

ተማሪ ሳለሁ ቫቪሎቭ ማለት ለእኔ የፈተና ጥያቄ ነበር። «ስምንቱን የአዝርዕት መነሻ ማዕከላት ዘርዝር» ይላል ወረቀቱ። ቻይና፣ ሕንድ፣ ማዕከላዊ እስያ እያልኩ እሄዳለሁ። አቢሲኒያ ላይ ስደርስ እፎይ እላለሁ፤ የገዛ አገር ስም አይረሳማ። ሰውየው ማን እንደነበረ ግን ማንም አልነገረንም። እንዴት እንደሞተማ ጭራሽ። ዕድሜውን በሙሉ እህል ሲሰበስብ የኖረ ሰው እስር ቤት ውስጥ በረሃብ እንዳለቀ ያወቅሁት ከተመረቅሁ ከዓመታት በኋላ ነው።

ጉዳዩን ከእኛ አገር ልጀምረው፤ በእኛም በኩል አልፏልና። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በበቅሎ ወደ ሰሜን

በ1926 መጨረሻ አንድ ሩሲያዊ ጅቡቲ ደረሰ። ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል፤ ዕድሜው 39። ሌኒንግራድ ያለው የአዝርዕት ምርምር ተቋም ዳይሬክተር ነው። በዚያው ዓመት የሌኒንን ሽልማት ወስዷል። እንዲህ ያለ ሰው ቢሮው ተቀምጦ ሪፖርት ማንበብ ይችል ነበር። እሱ ግን ዘር ሊለቅም መጣ።

አዲስ አበባ ላይ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት። ቫቪሎቭ በኋላ እንደጻፈው ስለ ሩሲያ ብዙ ጠየቁት። በተለይ ስለ አብዮቱና ስለ ንጉሣዊው ቤተሰብ ዕጣ ማወቅ ፈልገው ነበር። (ይህን የጠየቁት ሰው ከ47 ዓመት በኋላ ምን እንደገጠማቸው እናውቃለን።) ፈቃዱን አገኘ። በቅሎዎቹን ጭኖ ወደ ሰሜን አቀና። ጣናን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን አልፎ አስመራ ወጣ። በመንገድ ላይ ሽፍቶች አግኝተውት በኮኛክ አስክሮ አስተኝቷቸው ሌሊት አመለጠ ተብሎ ይተረካል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ማሳ ሲያገኝ ከበቅሎው ይወርድና ዛላ ይቆርጣል። ገበያ ሲደርስ ከየሻጩ እፍኝ እፍኝ ይገዛል። ከረጢት ውስጥ ይከትና የት እንደተገኘ ይጽፍበታል። ዕብድ የመሰላቸው ገበሬዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ምርጡን ሳይሆን ሁሉንም የሚገዛ ሰው ማን ያውቃል?

አክሱም አካባቢ ያገኘው ነገር ግን አስደነገጠው። ስንዴ ዛላው ጫፍ ላይ እንደ ጺም የቆመ ሹል ጸጉር አለው። የፓስታ ስንዴ የምንለው ጠንካራው ዓይነት በዓለም ላይ ሁሉ በዚህ ጺም ይታወቃል። ቫቪሎቭ ያገኘው ግን ጺም አልባ ነበር። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1920፣ ሳራቶቭ ከተማ ላይ አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ዘመዳሞች የሆኑ ተክሎች ተመሳሳይ የለውጥ መስመር ይከተላሉ የሚል። አንዱ ዝርያ ጺም አልባ ካለው የሌላውም አንድ ቦታ መኖር አለበት ማለት ነው። ፈልጉ፣ ታገኛላችሁ። እሱም ፈለገ፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ አገኘው።

ከዚህ ጉዞ 6,000 ያህል ናሙና ይዞ ተመለሰ። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ቡና መነሻቸው እዚህ ነው አለ። የገብሱና የስንዴው ዓይነት ብዛት ደግሞ ሌላ ቦታ ያላየው ነበር። ይህ ብዛት ጌጥ አይደለም። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ ዘረመል ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታን ይቋቋማል፤ ከዓመታት በኋላ የካሊፎርኒያን ገብስ ያዳነው እሱ ነው። የቫቪሎቭ ሐሳብ ይኸው ነበር። ዓለም ላይ ያለውን ዘር ሁሉ ሰብስብ፣ አስቀምጥ፣ ጥናው። ድርቅ ሲመጣ፣ በሽታ ሲመጣ መልሱ ከእነዚያ ከረጢቶች አንዱ ውስጥ ነው።

ችግሩ ይህ ጊዜ ይፈልጋል።

አራት ዓመት ወይስ አሥራ ሁለት

አገሩ ሶቪየት ኅብረት ግን ጊዜ አልነበራትም። ከ1929 ጀምሮ ስታሊን ገበሬውን በግድ የጋራ እርሻ ውስጥ አስገባ። እህሉ ተወሰደ፣ ከብቱ ታረደ፣ ሰው ተጋዘ። በ1932 እና በ1933 በተለይ ዩክሬን ውስጥ ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ። ረሃቡን ያመጣው ፖሊሲው ነው። ፖሊሲውን መውቀስ ግን አይቻልም። ስለዚህ የሚወቀስ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ዘሩ፣ አየሩ፣ ተመራማሪው።

በ1931 አንድ ትእዛዝ ወጣ። አዲስ የሰብል ዝርያ ለማውጣት ያን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ዓመት ይፈጅ ነበር። ከእንግዲህ በ4 ዓመት ገደማ ይለቅ ተባለ። እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። የጉዳዩ ቋጠሮ ለእኔ ያለው እዚህ ነው። በ1931 ጄኔቲክስን፣ ማለትም የዘር ውርስ ሳይንስን፣ ማንም አልከለከለም። መጽሐፍ አልተቃጠለም። የወጣው የቀን ገደብ ብቻ ነው። ስንዴ ግን በዓመት አንዴ ይዘራል፣ አንዴ ይታጨዳል። ሁለት ዘር ስታዳቅል ልጆቹ እስኪረጉ ብዙ ትውልድ ማለፍ አለበት። ይህን የሚያውቅ ሰው «አይሆንም» ይላል። የማያውቅ ወይም የማይጨነቅ ሰው «ይሆናል» ይላል። ሹመኛ ደግሞ የቱን መስማት እንደሚወድ የታወቀ ነው።

«ይሆናል» ያለው ትሮፊም ሊሴንኮ ነው። የፖልታቫ ገበሬ ልጅ፣ በ1898 የተወለደ። በ1927 ፕራቭዳ ጋዜጣ «ባዶ እግሩን የሚሄድ ፕሮፌሰር» ብሎ አወጣው። ቤተ ሙከራና ማይክሮስኮፕ የማያውቅ፣ ግን የገበሬውን ችግር የሚፈታ ጀግና። ዘመኑ እንዲህ ዓይነት ሰው ይፈልግ ነበር።

ሊሴንኮን ያስጠራው ዘሩን ማብረድ ነው። በክረምት የሚዘራው ስንዴ ለማበብ ብርድ ማግኘት አለበት። ዘሩን ውሃ ነክረህ፣ አቀዝቅዘህ በፀደይ ብትዘራው ብርዱን ያገኘ መስሎት ያፈራል። ይህ እውነት ነው፤ ከእሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። ውሸቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዘዴው ምርት ይጨምራል አለ። ከዚያም አካባቢው የለወጠው ጠባይ ለልጅ ይተላለፋል አለ። ስንዴን እንደ ተማሪ አስተምረህ ሌላ ስንዴ ማድረግ ትችላለህ እንደማለት ነው።

ማስረጃው ምን ነበር? መጠይቅ። ቅጽ ለጋራ እርሻዎቹ ይላካል። የእርሻው ኃላፊ የታከመው ዘር ስንት እንደሰጠ፣ ያልታከመው ስንት እንደሰጠ ይሞላል። እስቲ ራሳችሁን በዚያ ሰውዬ ቦታ አስቀምጡ። ሜዳ ላይ እርጥብ ዘር በአካፋ ስታገላብጥ ከርመሃል። ግማሹ ሻግቷል። ግማሹ አብጦ በመዝሪያው ማሽን አላልፍ ብሏል። ጎረቤትህ ያለው ኃላፊ ባለፈው ወር «አሻጥረኛ» ተብሎ ተወስዷል። እስክሪብቶ ይዘሃል። ስንት ብለህ ትጽፋለህ?

«ዕቅዳችን 110 በመቶ ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት ሰምቶ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

የቫቪሎቭ የራሱ ጥፋት

ቫቪሎቭን ጻድቅ አድርጎ መጻፍ ይቀላል። ብዙዎችም እንዲያ ይጽፉታል። ሰነዱ ግን ትንሽ ያስቸግራል። ሊሴንኮን ወደ ላይ ካወጡት እጆች አንዱ የቫቪሎቭ ነበር። በ1932 አሜሪካ ኢታካ ላይ በተደረገው የጄኔቲክስ ጉባኤ የሊሴንኮን ሥራ በአደባባይ አሞካሽቷል። በ1934 ለዩክሬን ሳይንስ አካዳሚ አባልነት ደግፎታል።

ለምን? አንዱ ምክንያት ቀና ነው። ብርዱ ዘዴ ለእሱ ይጠቅመው ነበር። ከየዓለሙ ያመጣቸው ተክሎች አበባቸው በአንድ ጊዜ ስለማይፈነዳ ለማዳቀል ያስቸግሩት ነበር። ሁለተኛው ምክንያት እንደኔ ግምት ፖለቲካ ነው። ከነጋዴ ቤት የተወለደ፣ እንግሊዝ የተማረ ሰው አንድ የገበሬ ልጅ ሲመጣ ፊት ቢነሳው ምን እንደሚባል ያውቃል። ልጁን አቅፈን እናስተምረው ብሎ አስቦ ይሆናል። ሊሴንኮ ግን ሊማር አልመጣም።

ጉባኤ፣ ሹመት፣ ፓስፖርት

በየካቲት 1935 ክሬምሊን ውስጥ የጋራ እርሻ ጉባኤ ተደረገ። ሊሴንኮ መድረክ ላይ ወጣ። ሳይንቲስቶች ውስጥም አሻጥረኞች አሉ አለ። «የመደብ ጠላት ሳይንቲስት ሆነም አልሆነም ሁልጊዜ የመደብ ጠላት ነው።» ስታሊን ከተቀመጠበት «ጎበዝ፣ ጓድ ሊሴንኮ፣ ጎበዝ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከዚያች ቀን በኋላ ክርክሩ ስለ ስንዴ መሆኑ ቀረ። ሊሴንኮን የተቃወመ ሰው ስታሊን ያጨበጨበለትን ሰው መቃወሙ ነው። ሊሴንኮ አጠገቡ ኢሳክ ፕሬዘንት የሚባል ሰው ነበረው። ስለ ተክል እዚህ ግባ የሚባል እውቀት የለውም፤ ጥቅስ ግን ይችላል። ጄኔቲክስን ከቡርዥዋ፣ ከፋሺስት፣ ከዘረኛ ጋር አያይዞ መሳደብ የእሱ ድርሻ ሆነ።

ቫቪሎቭን ግን ወዲያው አላሰሩትም። ሥራው በቀስታ ነው የተሠራው። በዚያው በ1935 ከግብርና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዝዳንትነት ወርዶ ምክትል ተደረገ። ውጭ አገር መውጣት ከ1933 ጀምሮ ቀርቶበታል፤ አምስት አህጉር የዞረው ሰው ከዚያ ወዲያ ድንበር አልተሻገረም። በ1937 ሞስኮ ላይ ሊደረግ የታሰበው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባኤ ተሰረዘ። እሱን የተካው የአካዳሚው ፕሬዝዳንት ሙራሎቭ ታሰረ፣ ተረሸነ። ቀጥሎ የመጣው ማይስተርም ታሰረ። በ1938 ወንበሩ ላይ ሊሴንኮ ተቀመጠ። አሁን የቫቪሎቭ አለቃ እሱ ነው።

የሊሴንኮ አካዳሚ ለቫቪሎቭ ተቋም ምክትል ዳይሬክተር ላከለት። ቫቪሎቭ አልፈልግም አለ፤ ማን ሰምቶት። ያ ምክትል በኋላ የጸጥታው መሥሪያ ቤት ሰው ሆኖ ተገኘ። በየወሩ ግምገማ አለ። ትናንት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያረመላቸው ልጆች ዛሬ ተነስተው ይሰድቡታል። የሩቅ ታሪክ አይምሰላችሁ። ሂስና ግለሂስ የተባለውን ነገር በስብሰባ አዳራሽ ተቀምጦ ያየ ሰው ድምፁን ሁሉ ያውቀዋል፤ የወንበሩን መንጓጓት፣ ቀድሞ እጁን የሚያወጣውን ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ማስታወሻ የሚይዘውን።

ቫቪሎቭ በመጋቢት 1939 በተቋሙ ስብሰባ ላይ የተናገራት ቃል ተመዝግባ ቀርታለች። «ወደ እሳቱ እንሄዳለን፣ እንቃጠላለን፣ ከእምነታችን ግን ወደ ኋላ አንልም።» በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኤድንብራ ከተማ የጄኔቲክስ ጉባኤ ተካሄደ። ፕሬዝዳንት አድርገው የመረጡት እሱን ነበር። መንግሥቱ አልፈቀደለትም። ወንበሩ ባዶውን ዋለ።

ጥቁሯ መኪና

ነሐሴ 6 ቀን 1940 ቫቪሎቭ ዩክሬን ምዕራብ፣ ቸርኒቭትሲ አካባቢ ነበር። አገሩ ገና በቅርቡ በሶቪየት እጅ የገባ ነው። እሱ እንደ ልማዱ ዘር እየለቀመ ነው። ጥቁር መኪና መጣች። ሰዎቹ ከሞስኮ አስቸኳይ ጥሪ አለዎት አሉት። ማታ ተማሪ ቤቱ ማደሪያ የቀሩት ባልደረቦቹ በእጁ የተጻፈች ወረቀት ደረሰቻቸው፤ በአስቸኳይ ወደ ሞስኮ ስለተጠራሁ ዕቃዬን ለዚህ ሰው ስጡልኝ የምትል። ሰዓቱን ሳይቀር ጽፎባታል፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ15።

ባልደረቦቹ በኋላ በዚያ ቀን የለቀመውን ከረጢት ፈቱት። ውስጡ እዚያ አገር ይኖራል ተብሎ የማይታወቅ ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ነበር። የመጨረሻ ግኝቱ ነው።

መርማሪው አሌክሳንደር ኽቫት ይባላል። 400 ጊዜ ያህል መረመረው፤ ተደምሮ 1,700 ሰዓት። አብዛኛው በሌሊት ነው። ለረጅም ሰዓት እያቆሙት እግሩ አብጦ ነበር። ክሱ ሦስት መልክ አለው። በግብርና ላይ አሻጥር፣ የድብቅ የገበሬ ፓርቲ አባልነት፣ ለእንግሊዝ ስለላ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በመጨረሻ ፈረመ። ስለላውን ግን አላመነም። ሐምሌ 9 ቀን 1941 ፍርድ ቤት ቀረበ። ችሎቱ ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። ሞት ተፈረደበት።

ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲጠጉ እስረኞቹን ጭነው ወሰዷቸው። የእሱ ባቡር የወሰደው ወዴት መሰላችሁ? ሳራቶቭ። ወጣት ፕሮፌሰር ሆኖ ያስተማረባት፣ በ1920 ያቺን ስለ ዘመዳሞች ተክሎች ያላትን ሐሳብ ያቀረበባት ከተማ። ሞስኮ ታስሮ ሳለ ስለ ዓለም ግብርና ታሪክ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ጠፍቷል። ሳራቶቭ ላይ ሞት የሚጠብቁ እስረኞች ታጭቀው በነበሩበት ክፍል ተራ በተራ እየተነሱ በሚያውቁት ሙያ ያስተምሩ ነበር። እሱም ስለ አዝርዕት አስተማረ።

በ1942 ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስር ተለወጠ። ምግቡ ግን አልተለወጠም። ጥር 26 ቀን 1943 ሰውነቱ በረሃብ አልቆ ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር። ለንደን ያለው ሮያል ሶሳይቲ በውጭ አገር አባልነት ከመረጠው ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሷ ናት። ባለቤቱ የሌና ባሩሊና እና ትንሹ ልጃቸው ከጦርነቱ ሸሽተው የተጠለሉት ሳራቶቭ ነበር። እስር ቤቱ ከቤታቸው ሩቅ አልነበረም። እሷ ግን ሞስኮ ያለ መስሏት ስንቅ ወደ ሞስኮ ትልክ ነበር።

ከረጢቶቹ

በዚህ ሁሉ ጊዜ ዘሩ የት ነበር? ሌኒንግራድ፣ ቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ ላይ። ከተማዋን ጀርመኖች 872 ቀን ከበቧት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በረሃብ አለቀ። ተቋሙ ውስጥ ደግሞ በርካታ ቶን ሩዝ፣ ስንዴ፣ አተር፣ ኦቾሎኒ ተቀምጧል። የኢትዮጵያው ገብስም እዚያው። ሠራተኞቹ አይጥ ሲያባርሩ፣ ድንቹን ከውርጭ ለማዳን የተገኘውን እንጨት ሲያነዱ ከረሙ። አልበሉትም። የሩዝ ክፍሉ ኃላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ሩዝ ተከቦ በረሃብ ሞተ። የኦቾሎኒው ተመራማሪ አሌክሳንደር ሽቹኪን ሥራ ጠረጴዛው ላይ ሞተ። አለቃቸው በአሻጥረኛነት ተፈርዶበታል፤ እነሱ የእሱን ስብስብ ይጠብቃሉ።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ጭንቅ መጥቷል። በ1984 እና በ1985ቱ ረሃብ ገበሬው ለዘር ያስቀመጣትን ሳይቀር መብላት ግድ ሆነበት። አዲስ አበባ ያለው የዘር ማዕከል በ1976 ተቋቁሞ ነበር፤ የሚገርመው ደርግ ፊቱን ወደ ሞስኮ እያዞረ ባለበት ሰዓት፣ በምዕራብ ጀርመን እርዳታ። ዶክተር መላኩ ወረደ የሚመሩት ቡድን ነባሩ ዘር ከማሳ እንዳይጠፋ ከገበሬው ጋር ሠራ። እሳቸውም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የቫቪሎቭን ጉዞ ያስታወሰ ሰው ነገሩ ዞሮ እንደገጠመ ያያል።

ሃ-ሃ-ሃ

ጦርነቱ አለቀ። ሊሴንኮ ግን አላለቀም። እንዲያውም ዋናው ነገር የመጣው በነሐሴ 1948 ነው። የግብርና አካዳሚው ስብሰባ ጠራ። ሊሴንኮ ሪፖርቱን አስቀድሞ ለስታሊን ልኮ ነበር፤ ስታሊንም በእጁ አርሞ መለሰለት። ረቂቁ «ማንኛውም ሳይንስ የመደብ ነው» ይላል። ስታሊን ኅዳጉ ላይ «ሃ-ሃ-ሃ! ሂሳብስ? ዳርዊኒዝምስ?» ብሎ ጻፈ። የሳይንስን መስመር የሚያርመው ማን እንደነበረ ከዚህች ኅዳግ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። የሳቀውም እሱ፣ ያሳተመውም እሱ።

ስብሰባው ለቀናት ቆየ። አንዳንዶች በድፍረት ተከራከሩ፤ ክርክር ነው መስሏቸው። በመጨረሻው ቀን ሊሴንኮ ተነስቶ፣ ማዕከላዊ ኮሚቴው ስለ ሪፖርቴ ምን ይላል ተብዬ ተጠይቄአለሁ አለ። «ማዕከላዊ ኮሚቴው መርምሮ አጽድቆታል።» አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ወዲያው ሦስት ሳይንቲስቶች ተራ በተራ ወጥተው ተሳስተን ነበር አሉ። ከእነሱ አንዱ ፒዮትር ዡኮቭስኪ ነው። የቫቪሎቭ ተቋም ሰው፣ ስንዴ አዋቂ፣ ቀደም ብሎ ሊሴንኮን ሽንጡን ገትሮ የተከራከረ።

አልታጠፍም ያለም ነበር። ዮሲፍ ራፖፖርት በጦርነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ የጦር ጀግና ነው። አመለካከቴን አልለውጥም አለ። ከፓርቲው ተባረረ፤ ሥራውን አጥቶ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንጀራውን ፈለገ።

ቀጥሎ የሆነው የወረቀት ሥራ ነው። መምህራን ከየዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ቤተ ሙከራዎች ተዘጉ። ለምርምር ይረቡ የነበሩ የፍሬ ዝንቦች ሳይቀሩ ተደፉ። የመማሪያ መጻሕፍት ተሰበሰቡ። የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚም የበኩሉን ስብሰባ አደረገ፤ ጄኔቲክስ የሚሠሩ ክፍሎቹን ዘጋ። ስብሰባውን የመሩት ፕሬዝዳንት ሰርጌይ ቫቪሎቭ ናቸው። አዎ፣ የኒኮላይ ታናሽ ወንድም። ታዋቂ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ፤ ወንድማቸው ከሞተ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ በ1945 የተሾሙት በስታሊን ፈቃድ ነው። ለምን እሺ አሉ የሚለውን ብዙ ሰው ጽፎበታል። እምቢ ቢሉ ወንበሩ ለባሰ ሰው ይሰጥ ነበር የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ልፈርድባቸው አልችልም፤ ግን ያቺ ፊርማ ከዓይኔ አትጠፋም።

ለፊዚክስም እንዲሁ ዓይነት ስብሰባ በ1949 ተደግሶ ነበር። ድንገት ተሰረዘ። ምክንያቱ አቶሚክ ቦምቡ ነው ይባላል። ኳንተም ፊዚክስን አውግዘህ ቦምብ መሥራት አትችልም። ስንዴ ግን አይፈነዳም። ስንዴው ሲከሽፍ የሚራበው ገበሬው ነው፤ የሚጠየቀውም እሱ።

ሊሴንኮ ቫቪሎቭ ይመራው የነበረውን ሌላውን ተቋም፣ የጄኔቲክሱን፣ በ1940 ተረክቦ እስከ 1965 ድረስ መራው። 25 ዓመት ሙሉ። ስታሊን ሞቶ ክሩሽቼቭ ሲመጣ እሱንም ወደደው። የወደቀው ክሩሽቼቭ ሲወድቅ ነው። ያን ጊዜ ብቻ ኮሚሽን ወደ እርሻው ሄዶ መዝገቡን ገለጠ፤ አሃዞቹ የማይታመኑ ሆነው ተገኙ። በቁጥር ነበር ነገሩ የሚያልቀው፤ 30 ዓመት ማንም መዝገቡን እንዲያይ አልተፈቀደለትም እንጂ። ሊሴንኮ አልታሰረም፤ በ1976 በተፈጥሮ ሞት ሞተ።

ቫቪሎቭ በ1955 ነፃ ተባለ። ፍርዱን የሰረዘው ሞት የፈረደበት ያው የወታደራዊ ችሎት ነው። የሌኒንግራዱ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሳራቶቭ መካነ መቃብር ውስጥ ሐውልት ቆሞለታል፤ ትክክለኛ መቃብሩ ግን አይታወቅም፤ ከሌሎች እስረኞች ጋር በጅምላ ነው የተቀበረው።

መርማሪው ኽቫት ጡረታ ወጥቶ ሞስኮ ኖረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ካለፈ በኋላ አንዲት ጋዜጠኛ ቤቱ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። ስለላውን እንኳን አላመንኩበትም አለ፤ ምንም መረጃ አልነበረማ። አሻጥሩን በተመለከተ ግን፣ ሰውየው በሳይንስ ውስጥ የሆነ የተሳሳተ መስመር ይዞ ነበር አላት። እሱ ራሱ ስለ ሳይንስ ምንም አያውቅም ነበር።